አሥር ሰከንድ፣ 11 ሜጋባይት፣ ጭነት 9፦ አዲሱ ሰርቨር ለምን ዘገየ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ አንድ ሰርቨር ገጣጥሜ ዴቢያን ሊኑክስ ጫንኩበት። 16 ኮር ያለው ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋባይት ሜሞሪ እና እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ፣ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞሩ አራት ዲስኮች አሉት። ዲስኮቹን በሶፍትዌር ሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢሞት መረጃው እንዲተርፍ በሚያደርግ ዘዴ) አጣምሬያቸዋለሁ። የኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያ) እና የኔትወርክ ማዋቀሪያ ፋይሎችን ከአሮጌው ሰርቨር እንዳሉ ገለበጥኩ፤ የፖስትግሬስ ዳታቤዙን ግን እንደ አዲስ ጭኜ መረጃውን ከመጠባበቂያ ቅጂ መለስኩበት። ሁሉም ነገር ቀርፋፋ ነው። ለመግባት አሥር ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ፋይል ሲገለበጥ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አይበልጥም። ባትሪ ያለው የሬይድ ካርድ የተገጠመለት አሮጌው ሰርቨር በ20 ደቂቃ ይጨርሰው የነበረው የሌሊት ሥራ አሁን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በቶፕ (የሂደቶች መመልከቻ ትዕዛዝ) ስመለከት ፕሮሰሰሩ 90 በመቶ ሥራ ፈት ነው፤ አማካይ ጭነቱ ግን 9 ነው። ነጻ ሜሞሪም የለም ማለት ይቻላል። ሜሞሪ ልጨምር ወይስ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ ልጫን?

ምላሽ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ያለዎት ሜሞሪ ይበቃል፤ እንደ አዲስ መጫን ደግሞ ከችግሮችዎ አንዱን፣ ያውም ዋናውን፣ ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ከሁሉ በፊት «ሁሉም ነገር ቀርፋፋ ነው» በሚለው አገላለጽዎ አልስማማም። አዲስ ማሽን ሲዘገይ ሰው አንድ ጥፋተኛ ፍለጋ ይወጣል፤ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ግን የአንድ ሕመም ምልክቶች አይደሉም። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት ችግሮች ናቸው፤ በአንድ ሳጥን ውስጥ ስለተገናኙ ብቻ አንድ መስለዋል። ደግነቱ ቁጥሮቹን ጽፈዋል። አሥር ሰከንድ፣ 11 ሜጋባይት እና ጭነት 9 በአጋጣሚ የሚመጡ ቁጥሮች አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው የመጡበትን ቦታ ይናገራሉ።

ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ነገር ቢኖር ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት መሆኑ ነው። ይህ ሰርቨር የሚዘገየው ሥራ በዝቶበት ሳይሆን የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ሥራ የበዛበትን ማሽን ተጨማሪ ኮር ይረዳዋል፤ የሚጠብቀውን ግን የሚጠብቀው ነገር እስኪመጣ ድረስ ምንም ቢጨምሩለት አይፈጥንም።

ከቀላሉ ልጀምር። የመግቢያው አሥር ሰከንድ የስም ፍለጋ ነው። በሊኑክስ ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታው ላይብረሪ አንድን የዲኤንኤስ ሰርቨር ጠይቆ በነባሪ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፤ መልስ ካላገኘ በዝርዝሩ ላይ ወዳለው ቀጣይ ሰርቨር ያልፋል። የኤስኤስኤች አገልግሎት በበኩሉ ዩዝዲኤንኤስ የሚባለው ቅንብር ከበራ ሊገባ የመጣውን ሰው አይፒ አድራሻ ወደ ስም፣ ስሙን ደግሞ መልሶ ወደ አድራሻ ይፈታል። ሁለት ፍለጋ፣ ለእያንዳንዱ 5 ሰከንድ፤ ሲደመር አሥር። ኦፕንኤስኤስኤች ከ6.8ኛው እትም ጀምሮ ይህን ማጣሪያ በነባሪ ትቶታል፤ እርስዎ ግን የአሮጌውን ማዋቀሪያ ስለገለበጡ የድሮው ልማድ አብሮ ሳይመጣ አልቀረም። አብረው ባመጡት የዲኤንኤስ ዝርዝር የመጀመሪያ መስመር ላይም ዛሬ መልስ የማይሰጥ አድራሻ ተቀምጦ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ አለ። በአድራሻው ላይ ማሽኑ እያለ የዲኤንኤስ አገልግሎት ብቻ ከሌለ፣ ማሽኑ «እዚህ የለም» ብሎ ወዲያው ይመልሳል፤ መዘግየትም አይፈጠርም። ሰከንዶቹን የሚበላው ዝምታ ነው፦ ከቦታው የተነሣ ማሽን ወይም ጥያቄውን ተቀብሎ ያለ መልስ የሚጥል ፋየርዎል። ስለዚህ በሬዞልቭ ኮንፍ ፋይል ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች አንድ በአንድ በዲግ ትዕዛዝ ይጠይቁ፤ ዝም ያለውን ያውጡት። ዩዝዲኤንኤስን ብቻ አጥፍተው የሞተውን አድራሻ ከተዉት ሌባውን ከሳሎን አስወጥተው ጓዳ አስገቡት ማለት ነው፤ ከሰርቨሩ ወደ ውጭ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ሁሉ ያንኑ 5 ሰከንድ መክፈሉን ይቀጥላል። በዚያው የሰርቨሩ የራሱ ስም በሆስትስ ፋይል ውስጥ መመዝገቡን ይመልከቱ። ካልተመዘገበ ሱዶ በተጠራ ቁጥር ይንቀራፈፋል። በነገራችን ላይ መዘግየቱ 25 ሰከንድ ቢሆን ኖሮ ዲኤንኤስን ትቼ ስለ ዲባስ እና ስለ ሲስተምዲ የመግቢያ አገልግሎት እጠይቅዎት ነበር፤ ያ ቁጥር የእነርሱ የጥበቃ ገደብ ነው።

11 ሜጋባይት ደግሞ የ100 ሜጋቢት መስመር ነው። 100 ሜጋቢትን ለ8 ሲያካፍሉት 12.5 ሜጋባይት ይሆናል፤ ለፓኬት ራስጌዎች የሚሄደው ሲቀነስ ከ11 እስከ 12 ይቀራል። ጤናማ የጊጋቢት መስመር ወደ 115 ገደማ ያሳልፋል። ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ሳይል 11 ላይ መቆሙም ዲስኩን ሳይሆን መስመሩን እንድጠረጥር ያደርገኛል። ዲስክ ሲዘገይ ይንገጫገጫል፤ ጣሪያ የነካ መስመር ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኢትቱል የሚባለውን ትዕዛዝ በኔትወርክ ካርድዎ ስም ይስጡና «ስፒድ» የሚለውን መስመር ያንብቡ። 100 ካለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኬብሉ ነው። ጊጋቢት በመዳብ ኬብል ላይ አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በሁለቱ ብቻ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ጥንዱ የተበላሸ ኬብል ሙሉ በሙሉ ከመቆም ይልቅ ማንም ሳያውቅ ወደ 100 ይወርዳል፤ መብራቱም በርቶ ይታያል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ያው የገለበጡት የኔትወርክ ማዋቀሪያ ነው። ፍጥነቱን 100 ብሎ በግድ የሚወስን፣ ሁለቱ ጫፎች በፍጥነት የሚስማሙበትን ድርድር የሚያጠፋ መስመር ካለበት ይሰርዙት። የጊጋቢት መስመር በመዳብ ላይ ያለ ድርድር አይቆምም። አንደኛው ጫፍ በግድ ተወስኖ ሌላኛው ለድርድር ክፍት ሲሆን ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል፦ ስዊቹ ተደራዳሪ ስለሚያጣ ወደ ግማሽ ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደ ማሳለፍ) ይወርድና ሁለቱ ጫፎች እየተጋጩ ይኖራሉ። የእርስዎ ፍጥነት ግን የተረጋጋ ስለሆነ እዚያ የደረሱ አይመስለኝም። ኬብሉን ከቀየሩ በኋላ በአይፐርፍ ይለኩ፤ አይፐርፍ ዲስክ ስለማይነካ የመስመሩን ፍጥነት ብቻውን ያሳያል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሌሊቱ ሥራ እንምጣ።

ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ሆኖ ጭነቱ 9 መሆኑ ግራ ያጋባዎት ጭነትን የፕሮሰሰር መለኪያ አድርገው ስለወሰዱት ይመስለኛል። ሊኑክስ አማካይ ጭነትን ሲያሰላ ፕሮሰሰር የሚጠባበቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስክ እየጠበቁ በማይቋረጥ እንቅልፍ ውስጥ ያሉትንም ሂደቶች ይቆጥራል። ይህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ የያዘው ባሕርይ ነው፤ ብዙዎቹ ሌሎች የዩኒክስ ቤተሰቦች እንዲህ አይቆጥሩም። ስለዚህ የእርስዎ 9 «ዘጠኝ ያህል ሂደቶች ዲስክ ፊት ተሰልፈዋል» ተብሎ ይነበብ። በቶፕ ዝርዝር የሁኔታ ዓምድ ላይ «ዲ» የተጻፈባቸውን ይቁጠሩ፤ ታገኟቸዋላችሁ ማለት ይቻላል።

ይህን ለማረጋገጥ ቪኤምስታትን በአንድ ሰከንድ ልዩነት ያስኪዱት። የመጀመሪያውን መስመር አይመልከቱ፤ እርሱ ማሽኑ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለው አማካይ ስለሆነ ስለ አሁኑ ሰዓት ምንም አይነግርዎትም። ከሁለተኛው ጀምሮ «ቢ» የሚለው ዓምድ የታገዱትን፣ «ዳብልዩ ኤ» የሚለው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ዲስክ እየጠበቀ ያባከነውን ጊዜ ያሳያል። «ኤስ አይ» እና «ኤስ ኦ» ዜሮ ከሆኑ ወደ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲያጥር በምትኩ ወደሚያገለግለው የዲስክ ቦታ) የሚወጣ ሜሞሪ የለም፤ የሜሞሪው ክስ እዚያው ይዘጋል። ነጻ ሜሞሪ አለመኖሩ አያስደንግጥዎ። ሊኑክስ ፕሮግራሞች ያልያዙትን ሜሞሪ በቅርቡ ለተነበቡ ፋይሎች ካሽ (ፈጣን ማቆያ) ያደርገዋል፤ አንድ ፕሮግራም ሲፈልገው ይለቅለታል። በፍሪ ትዕዛዝ ውጤት ላይ መታየት ያለበት «ፍሪ» የሚለው ሳይሆን «አቬይለብል» የሚለው ዓምድ ነው።

ከዚያ አይኦስታትን በኤክስ አማራጭ ያስኪዱና የእያንዳንዱን ዲስክ አማካይ የጥበቃ ጊዜ ያንብቡ። ለሚዞር ዲስክ አሥር ሚሊሰከንድ ገደማ የወትሮው ነው። መቶና ከዚያ በላይ ካዩ ዲስኩ ላይ ረጅም ወረፋ አለ።

ወረፋውን ማን ሠራው? ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ኤምዲስታት የሚባለውን ፋይል ይክፈቱ። ሬይዱን በቅርቡ ስለፈጠሩት እዚያ «ሪከቨሪ» የሚል ቃል፣ የመቶኛ ቁጥር እና ከአራቱ ዲስኮች የአንዱ ቦታ ባዶ ሆኖ የሚታይበት መስመር የሚያገኙ ይመስለኛል። ዲስክ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። የሶፍትዌር ሬይድ መሣሪያው ኤምዲአድም አዲስ ሬይድ 5 ሲሠራ ሆን ብሎ አንዱን ዲስክ የጎደለ አድርጎ ይጀምርና ይዘቱን ከሌሎቹ ሦስት እያሰላ ይሞላዋል፤ ይህ መንገድ ፓሪቲውን (የጠፋ መረጃ የሚሰላበትን ትርፍ መረጃ) በየቦታው ከማስተካከል ስለሚፈጥን ነው። መሙላቱ ግን እያንዳንዱን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ወይም መጻፍ ይጠይቃል። 4 ቴራባይትን በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢሄዱበት 7 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ወደ ዲስኩ ውስጠኛ ክፍል ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ትንሽ ይጨምራል። ይህ ማንም ካልነካው ነው። ሌላ ሥራ ሲመጣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ለሥራው ቅድሚያ ይሰጥና መሙላቱን ያዘገየዋል፤ የነባሪው ዝቅተኛ ገደብ በሰከንድ 1000 ኪሎባይት ነው። በዚያ ፍጥነት ብቻ ቢሄድ 4 ቴራባይት 45 ቀን ገደማ ይፈጃል። ማለትም ሰርቨሩን በሥራ በጠመዱት ቁጥር የሚያዘገየው ነገር ዕድሜው ይረዝማል፤ እንደ አዲስ ቢጭኑና ሬይዱን ቢሠሩት ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ከላይ «ዋናው» ያልኩት ይህ ነው።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ ለአንድ ሌሊት የሌሊቱን ሥራ ያቁሙና ይጨርስ። ዝቅተኛውን ገደብ፣ ስፒድ ሊሚት ሚን የሚባለውን፣ ለጊዜው ወደ 100,000 ከፍ ቢያደርጉት ይፋጠናል። ሌላም ምክንያት አለኝ። መሙላቱ እስኪያልቅ ድረስ ሬይድዎ መጠባበቂያ የለውም፤ ዛሬ ከሚነበቡት ሦስት ዲስኮች አንዱ ቢሞት መረጃው አብሮ ይሄዳል። ፋይል ሲስተምዎ ኤክስት 4 ከሆነ ኤክስት4 ሌዚኢኒት የሚባል ሂደትም ሊያዩ ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ማውንት ወቅት ያልተጠናቀቁ ሠንጠረዦችን እየጻፈ ነው። ይጨርስና በራሱ ይጠፋል፤ አይግደሉት።

መሙላቱ ሲያልቅ የሌሊቱ ሥራ መፍጠኑ አይቀርም። ወደ 20 ደቂቃ ግን የሚመለስ አይመስለኝም፤ ጠንቃቃ ሆኜ ሳይሆን ሒሳቡ ስለማይፈቅድ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ የሚፈለገውን ቦታ ለማግኘት በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4 ሚሊሰከንድ ከጥቂት በላይ፣ መጠበቅ አለበት፤ ክንዱ ወደ ትራኩ የሚደርስበት ጊዜ ሲታከልበት በሰከንድ ወደ 80 የተበታተኑ ሥራዎች ይሠራል። አራት ዲስክ፣ 320። ሬይድ 5 ግን አንድ ትንሽ ጽሕፈት ለመጻፍ አሮጌውን መረጃና አሮጌውን ፓሪቲ ያነባል፣ አዲሱን መረጃና አዲሱን ፓሪቲ ይጽፋል፤ አራት ሥራ። 320 ሲካፈል ለ4፣ 80። ለተበታተኑ ትንንሽ ጽሕፈቶች አራቱ ዲስኮችዎ የሚሠሩት የአንዱን ያህል ነው። ዳታቤዝ ደግሞ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው የሚጽፈው። በሬይድ 10 ቢሆን ኖሮ 160 ይሆን ነበር፤ ቦታው ከ12 ቴራባይት ወደ 8 ይወርዳል።

አሮጌው ማሽን ይበልጥ የፈጠነበት ምስጢርም እዚህ ነው፤ ራስዎ ጽፈውታል፦ ባትሪ ያለው የሬይድ ካርድ። ዳታቤዝ አንድ ግብይት ሲያጸድቅ ኤፍሲንክ በሚባለው ጥሪ «በእርግጥ ተጽፏል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሳያገኝም ወደ ቀጣዩ አያልፍም። አሮጌው ካርድ መረጃውን በራሱ ሜሞሪ ላይ ይቀበልና «ተጽፏል» ይላል፤ ኃይል ቢቋረጥ ባትሪው ስለሚጠብቀው መልሱ እውነት ነው። በዲስኩ ላይ የሚያርፈው ቆይቶ፣ በተመቸ ቅደም ተከተል ነው። አዲሱ ማሽን ይህ ማቆያ የለውም፤ እያንዳንዱ ማጽደቅ እውነተኛውን ዲስክ ይጠብቃል፤ ዲስኩ በሰከንድ 120 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። አሮጌውን ሲሸኙ ከሁሉ የረከሰ የመሰለው ዕቃ ከሁሉ የላቀውን ሥራ ይሠራ ነበር። (እንዲህ ያለ ካርድ በአዲስ ማሽን ላይ የገጠመ ሰው ካነበበው፦ ባትሪው እስኪሞላ ድረስ ካርዱ ካሹን ለጽሕፈት መጠቀም ያቆማል፤ የመጀመሪያው ቀን ልኬት አያታልልዎ።)

ወደ ፖስትግሬስ ስመጣ አንድ ነገር ሳያስቀኝ አላለፈም። መገልበጥ ያልነበረባቸውን ፋይሎች ገልብጠው፣ መገልበጥ የነበረበትን ትተዋል። አሮጌው ዳታቤዝ በዓመታት ውስጥ የተስተካከለ ማዋቀሪያ ነበረው፤ አዲሱ በነባሪው ላይ ነው። ነባሪው ሼርድ በፈርስ፣ ዳታቤዙ ለራሱ ካሽ የሚይዘው ሜሞሪ፣ 128 ሜጋባይት ነው። 64 ጊጋባይት ያለው ማሽን ላይ! የሜሞሪውን ሩብ፣ 16 ጊጋባይት፣ ይስጡት። ወርክ ሜም፣ ለድርደራ የሚሰጠው ሜሞሪ፣ በነባሪ 4 ሜጋባይት ስለሆነ ከዚያ የሚበልጥ ድርደራ ሁሉ ዲስክ ላይ ይፈስሳል፤ ያውም በዚያው በተጨናነቀው ዲስክ ላይ። እርሱን ሲጨምሩ ግን ይጠንቀቁ፤ ገደቡ ለእያንዳንዱ ድርደራ ለየብቻው የሚሰጥ ስለሆነ መቶ ግንኙነት ሲመጣ ይባዛል። ለሌሊቱ ሥራ ብቻ፣ በዚያ ግንኙነት ውስጥ ቢያሳድጉት ይሻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ አናላይዝ የሚለውን ትዕዛዝ በመላው ዳታቤዝ ላይ ያስኪዱ። ከመጠባበቂያ ቅጂ የተመለሰ ዳታቤዝ ብዙውን ጊዜ ስለ ሠንጠረዦቹ ስታቲስቲክስ ሳይኖረው ይጀምራል፤ እቅድ አውጪው በጭፍን ስለሚገምት በኢንዴክስ በቅጽበት የሚገኘውን መላውን ሠንጠረዥ አገላብጦ ሊፈልግ ይችላል። ይህ ደቂቃዎች የሚወስድ ሥራ ብቻውን ሰዓታትን ሲያድን ይታያል።

ኤፍሲንክን ከዳታቤዙ ማዋቀሪያ አጥፉ የሚል ምክር ይገጥምዎታል። አይስሙት፤ ኃይል ሲቋረጥ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ግብይቶች ማጣት የሚያስችል ሥራ ከሆነ ሲንክሮነስ ኮሚትን፣ ማለትም ማጽደቅ ዲስኩን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ቅንብር፣ ማጥፋት የተሻለ ነው፦ በነባሪው ቅንብር ቢበዛ ከአንድ ሰከንድ በታች የሆነ ጊዜ ሥራ ሊጠፋ ይችላል እንጂ ዳታቤዙ አይፈርስም። የሌሊቱ ሥራ ቢቋረጥ እንደ አዲስ ማስኬድ የሚቻል ከሆነ እኔ ለእርሱ ብቻ አጠፋው ነበር።

ሌሎች ተጠርጣሪዎችን ለጊዜው ወደ ጎን ትቻለሁ። በባዮስ የተመረጠ ኃይል ቆጣቢ ቅንብር፣ ሁሉም በአንድ ቻናል ላይ የተሰኩ ሜሞሪዎች፣ ከሁለት የኃይል ሳጥኖች አንዱ ሳይሰካ ቀርቶ ፍጥነቱን የቀነሰ ፕሮሰሰር፤ እነዚህ ሁሉ በአዲስ ማሽን ላይ ይከሰታሉ። የሚታዩት ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ነው፤ የእርስዎ 90 በመቶ ሥራ ፈት ነው። ዲሜሴጅን፣ የከርነሉን የመልእክት መዝገብ፣ ግን አንድ ጊዜ ያንብቡት፤ የዲስክ ማገናኛ ስህተት እየሠራ ከ6 ጊጋቢት ወደ 1.5 ወርዶ ከሆነ የሚጽፈው እዚያ ነው።

ስለ ግዢ ከጠየቁኝ፣ ገንዘቡን ሜሞሪ ላይ አያውሉት። ኃይል ሲቋረጥ በጉዞ ላይ ያለውን መረጃ የሚያድን ካፓሲተር ያላቸው ሁለት መለስተኛ የሰርቨር ኤስኤስዲዎች ይግዙ፤ በሬይድ 1 አጣምረው ዳታቤዙን እዚያ ያስቀምጡ። አራቱ ዲስኮች ለትላልቅ ፋይሎችና ለመጠባበቂያ ቅጂ ይቆዩ፤ ሬይድ 5 ለዚያ ሥራ ደህና ነው። ለቤት ኮምፒውተር የሚሸጠው ርካሹ ኤስኤስዲ ግን ኤፍሲንክ በበዛበት ሥራ ላይ ያሳፍርዎታል።

ከመግዛትዎ በፊትና በኋላ ከፖስትግሬስ ጋር በሚመጣው ፒጂ ቴስት ኤፍሲንክ ይለኩ። በዲዲ ትዕዛዝ ዜሮ እየጻፉ አይለኩ፤ እርሱ ብዙውን ጊዜ የሜሞሪዎን ፍጥነት ነው የሚነግርዎት። በሚዞሩት ዲስኮች ላይ በሰከንድ መቶ ገደማ፣ ወይም ከዚያ በታች፣ ሊያዩ ይገባል። በእነርሱ ላይ ሺዎች ካዩ ደስ አይበልዎ፤ ከፕሮግራሙ እስከ ዲስኩ ባለው መንገድ ላይ አንዱ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» እያለ ነው፤ ዳታቤዙን ወደዚያ ከመመለስዎ በፊት ማን እንደሆነ ይፈልጉት።